መለካት ይሻላል ወይስ ልክ የሆነ ልብስ ይዞ መሄድ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ሲያሰፉ ልኬቱ ከሁለት ቦታ ይገኛል፦ ከሰውነትዎ ወይም ከሚወዱት ልብስ።

ልብሱን ይዞ መሄድ ይቀላል። ምን ያህል ሰፋ እንዲል እንደሚፈልጉ በቃል ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ግን የድሮው ልብስ ጉድለትም አብሮ ይቀዳል። የሚሳብ ጨርቅ ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም፤ በእሱ ልክ የተቆረጠ የማይሳብ ጨርቅ ብብት ላይ ይይዛል።

በሜትር ሲለኩ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ማለቱ እንኳ ይታያል። ሆድዎን አይሳቡ፣ እጅዎን ይልቀቁ፤ ለሱሪ ደግሞ አብሮት የሚጫሙትን ጫማ አድርገው ይቁሙ። እኔ መለካቱን እመርጣለሁ፣ በተለይ ስፌቱ ሳያልቅ አንዴ ለብሶ መሞከር ከተቻለ። ወገብና ርዝመት በኋላም ይስተካከላሉ፤ ትከሻ ግን ካለቀ በኋላ በጣም ያስቸግራል።

በሁለቱም መንገድ የጥጥ ጨርቅ ሳይቆረጥ ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ ሊያጥር ይችላል።