ባለ አምስት ገጽ ሪፍሌክተር በድሬና በሐረር ፀሐይ፦ የትኛው ገጹ ይሠራል?

የምንገመግመው ዕቃ 110 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ክብና ታጣፊ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃንን ወደሚነሳው ሰው የሚመልስ ዕቃ ነው። በብረት ቀለበት የተወጠረው ስስ ነጭ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ በላዩ የሚለብሰው ባለ ዚፕ ሽፋን ደግሞ ሲገለባበጥ ነጭ፣ ብር፣ ወርቅና ጥቁር ገጽ ይወጣዋል። ውጭ የቤተሰብ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሌንስ ቀጥሎ ይህን ይግዛ እንላለን። ገጾቹ ግን እኩል አይጠቅሙም፤ ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት ወርቃማው እዚህ አገር ከሁሉም የባሰው ነው።

ድሬዳዋና ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 እና በ10 ዲግሪ መካከል ናቸው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብርሃኑ ከላይ ነው የሚወርደው። ቅንድብ ዓይን ላይ፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላሉ። «ፎቶው ጥሩ ነው፣ ግን ሁላችንም የደከመን እንመስላለን» የሚባለው ለዚህ ነው። ለስላሳው የማታ ብርሃን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ ለክርስትና ወይም ለዒድ የተሰበሰበ ቤተሰብ ሁልጊዜ አይደርስበትም።

የዕቃው ምርጥ ክፍል ስሱ ጨርቅ ነው። ሽፋኑን አውልቃችሁ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ከራስ በላይ ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጠርዙ የተሳለው ጥላ ወዲያው ይሟሟል፣ የጨፈኑት ዓይኖችም ይከፈታሉ። ጉድለቱ ስፋቱ ነው፤ እናትና ሕፃን ይሸፍናል፣ ሦስተኛው ሰው ግን ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው። በዚያ ላይ ጨርቁ ሥር ያለው ፊት ይጨልማል። ፊቱን ለማፍካት ብርሃን ስትጨምሩ ጀርባው፣ ለምሳሌ የድሬው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ጀርባቸውን ለአሸዋ ሳይሆን ለዛፍ አስጠጉ።

አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ ጨርቁን ተዉት፤ የድሬው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ይበልጠዋል። በመጀመሪያ መሬቱን እዩ፦ መሬቱ ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ካለ ፊታቸውም ላይ ያርፋል። ቤተሰቡን ከግንዱ ሥር ሳይሆን ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አድርጋችሁ አቁሙ። የካሜራው መነሻ ልክ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6፣ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ገደማ ነው። ቀዳዳው በሚሰፋበት በኤፍ 1.8 የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል።

የነጩ ገጽ ቦታ እዚህ ነው። ያዡ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ በደረት ቁመት ይይዘውና እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ እስክትታይ ድረስ ቀስ እያለ ያዘንብለው። ከ2 ሜትር በላይ ከራቀ ለውጡ አይታይም። መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ያበራና ሁሉም ኩራዝ ከአገጩ ሥር የያዘ ይመስላል። አያት ነጭ ነጠላ ለብሰው ሕፃን ካቀፉ ነጠላው ራሱ የሕፃኑን ፊት ከታች በልስላሴ ያበራል፤ ያኔ ሪፍሌክተሩን ለኋላ ረድፍ አውሉት።

ብርማው ገጽ በድሬ ቀትር ዓይን ይወጋል፣ ልጆች ወዲያው ይጨፍናሉ። ደመና ሲሆን ብቻ፣ 3 ሜትር አርቃችሁ ሞክሩት። ወርቃማው ጠይም ፊትን ብርቱካንማ፣ ነጭ ቀሚስን ቢጫ ያደርጋል፤ በኮምፒውተር ነጠላውን ወደ ነጭ ስትመልሱት ጀርባው ሰማያዊ ይሆናል።

ጥቁሩን ብዙ ሰው ከቦርሳ አያወጣውም፤ በግንብ በታጠረው የሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ዋጋውን ያወጣል። በጠባቡ መንገድ ከአረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ልጅ ጉንጩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሐምራዊው አጠገብ ደግሞ የተመታ ይመስላል። ጥቁሩን ገጽ ከፎቶው ክልል ውጭ፣ በግድግዳውና በፊቱ መካከል ብታቆሙት የቀለሙ ነጸብራቅ ይቀራል። በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ ካገኛችሁ ደግሞ ሪፍሌክተሩን አትክፈቱት፤ ግድግዳው ከየትኛውም ገጽ ይበልጣል።

የተሻለ ለማንሳት አንድ አቋቋም ላይ ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንዱን በሪፍሌክተር አንዱን ያለሱ። ሁለቱንም ለሌላ ፎቶ አንሺ በኮምፒውተር አሳዩት፤ የስልክ ስክሪን ፀሐይ ላይ ያታልላል። «እንዴት ነው?» ካላችሁት «ያምራል» ይላችኋል፤ «መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?» በሉት። «አያትየው ከሌሎቹ ጠቁረዋል» ካለ ሪፍሌክተሩ ወደ ልጆቹ ተጠግቶ ነበር ማለት ነው። «ግንባራቸው ያበራል» ካለ ላቡ ሳይጠረግ ተነስቷል፤ በድሬ ሙቀት ከየአምስት ደቂቃው በኋላ መሐረብ ያስፈልጋል። ለቤቱ እናትም አሳዩ። እሳቸው ባለሙያው የሚያልፈውን የተገለበጠ ጥለትና የተጣመመ ኮሌታ ያያሉ።

የከሰዓቱ ነፋስ ሪፍሌክተሩን እንደ ሸራ ስለሚገፋው ሁለት እጁ ነጻ የሆነ ሰው ይያዘው፤ ልጆች በሚሮጡበት ቦታ ስታንድ ላይ አትስቀሉት። ስታጥፉት ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ፣ ሦስት ቀለበት ሆኖ ይገባል። በጉልበት የታጠፈ ብረት አይቃናም። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፣ ወለል ላይ አንጥፉትና አንድ ጎኑ ከተነሳ ተዉት። ከዚያ ስሱን ጨርቅ ወደ ደጅ አውጡና ጥላውን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ወረቀቱ ወደ ቢጫ ካደላ የፊት ቀለምም እንደዚያው ይሆናልና ሌላ አስወጡ።