«ምን ልታነሣበት ነው?» ብለው ለጠየቁኝ የካሜራ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ዲኤስኤልአር ካሜራዬን (ሌንሱ የሚፈታና የሚቀየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ትልቅ ካሜራ ነው) እንድመርጥ የረዱኝን አንድ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ከስልክ ካሜራ ወደ ትልቅ ካሜራ ለመሸጋገር አስባችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ለጨነቃችሁ ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጻፍሁት ረስቼ ሳይሆን «ማስታወቂያ አልወድም» ብለው ስለከለከሉኝ ነው፤ ሱቃቸውን ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መርሐ ግብሮች ያነሣሁት በስልኬ ነበር። ቀን ቀን ክፉ አልነበረም። ሌሊት ግን፣ ጧፍ ብቻ በሚበራበት ቅኔ ማኅሌት፣ ሊቃውንቱ በወረቡ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ፊታቸው እንደ ጭስ ይበተንብኛል፤ ፍላሽ ባበራ ደግሞ ካህናቱ ይቆጡኛል፣ እውነታቸውንም ነው። ነገሩ አንጀቴ የገባው የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ነው። አባቴ በዚያው ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ። ለመታሰቢያቸው የሚሆን ፎቶ ስፈልግ፣ እኔው ራሴ ካነሣኋቸው ከመቶ በላይ ፎቶዎች መካከል መቋሚያቸው እንጂ ፊታቸው ጠርቶ የሚታይበት አንድ እንኳ አጣሁ። ገንዘብ ማጠራቀም የጀመርሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ገንዘቡ ከሞላ በኋላ የገጠመኝን ባላስታውሰው በወደድሁ። በመጀመሪያው ሱቅ ገና ከደጃፉ «ስንት ብር ይዘሃል?» ተባልሁ፤ ተናገርሁ፤ የተመረጠልኝ ካሜራ ዋጋም ከያዝሁት ብር ጋር ሳይጎድል ሳይተርፍ ገጠመ። ሁለተኛው ሱቅ ስለ ሜጋፒክስል ብቻ ግማሽ ሰዓት ሰበከኝ። በሦስተኛው ሱቅ «ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ትናንት ከዱባይ የገባ» የተባለለትን ካሜራ ወድጄ ቀብድ ከፈልሁ። ቀሪውን ይዤ ስመለስ ካሜራው ወጥቶ ተሰጠኝ፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማ አልቆ ያብረቀርቃል፣ ማንጠልጠያው ሰው አንገት ላይ መኖሩ ከእጥፋቱ ያስታውቃል፣ ቻርጀሩም የሌላ ፋብሪካ ነው። አልፈልግም ብል ሻጩ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ቀብድ አይመለስም።» ሁለት ወር ከምሳዬ እየቀነስሁ ያጠራቀምሁት ገንዘብ እንደ ወጣ ቀረ። ገንዘቡ ይተካል፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከጀርባዬ የተሳቀው ሳቅ ነው።

ወደ እኚህ ባለሙያ የላከኝ ሠርግ የሚያነሣ ጓደኛዬ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከነበሩበት ተነሥተው አሁን አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ላይ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ካሜራ ይጠግናሉ፣ ያገለገሉ ካሜራዎችም ይሸጣሉ። ቁስሌ ገና ስላልደረቀ ከመግባቴ የያዝሁትን ብር መናገር ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ቆይ፣ ብሩ ይደርሳል። ምን ልታነሣበት ነው?» አሉኝ። ያን ሁሉ ሱቅ ስዞር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ማኅሌቱ፣ ስለ ጧፉ፣ ስለ አባቴም ሳይቀር ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሁለት ካሜራዎች አወረዱ፤ አንዱ ካኖን 250ዲ፣ ሌላው ኒኮን ዲ3500 ነበር። ቪዲዮ የምቀርጽ ቢሆን ኖሮ የማይክሮፎን ማስገቢያና የሚዞር ስክሪን ስላለው ካኖኑን ይመርጡልኝ እንደነበር፣ ለእኔ ሥራ ግን ኒኮኑ እንደሚበቃ፣ ባትሪውም በፋብሪካው መለኪያ አንዴ ከተሞላ 1,550 ያህል ፎቶ ስለሚያነሣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ እንደሚያደርሰኝ አስረዱኝ። ገበያው መስታወት ወደሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ስለዞረ እነዚህ ረከስ ብለው እንደሚገኙም አልደበቁኝም። ቀጥለው አንድ ፎቶ አንሥተው ወደ ኮምፒውተራቸው ገለበጡና ፎቶ በተነሣ ቁጥር የሚከፈተው የኒኮኑ መዝጊያ እስከዚያ ቀን 7,000 ጊዜ ገደማ ብቻ መከፈቱን አሳዩኝ። ቁጥሩ ከፎቶው ውስጥ እንዴት እንደወጣ ዛሬም አልገባኝም፤ «እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቁጠረው» ያሉኝ ግን ገብቶኛል።

እኔ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። መጋረጃውን ጋርደው መብራቱን አጠፉ፤ ከመሳቢያቸው አንዲት ጧፍ አውጥተው ለኮሱና አጠገቧ ተቀመጡ። «በል፣ አንሣኝ» አሉ። መጀመሪያ ከካሜራው ጋር በሚመጣው 18–55 ሌንስ አነሣኋቸው፤ ያው የስልኬ ጭስ ነው። ሌንሱን ፈትተው በምትኩ 1.8 የሚል የተጻፈባት አንዲት ትንሽ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጠሙልኝ። በእሷ ያነሣሁትን ፎቶ እስካሁን አልሰረዝሁትም፤ የግራ ቅንድባቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይናቸው ውስጥም የጧፏ ነበልባል ትታያለች። ምክንያቱን በደንብ አስረድተውኝ ነበር፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ነው ከሚለው በላይ ግን አልያዝሁም።

ካሜራውንም ሌንሷንም ገዝቼ ከብሬ ሩብ ያህሉ ተረፈኝ። በእሱ ሌላ ሌንስ ልጨምር ብል «አሁን አልሸጥልህም፤ ስድስት ወር በዚህች አንሣና ያጠረህን ነገር ራስህ መጥተህ ንገረኝ» ብለው መለሱኝ። በደረሰኙ ጀርባም «በሰባት ቀን ውስጥ ካልተስማማው ይመልሳል» ብለው በእጃቸው ጻፉልኝ። እኔ ከዚያ ግድግዳ ሥር ለመጣሁት ሰው ይህች መስመር ምን ማለት እንደነበረች መገመት አያዳግትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በሌሊቱ ማኅሌት በአባቴ ቦታ የቆሙትን መሪጌታ አንሥቼ፣ ፎቶውን አሳትሜ ወሰድሁላቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። «ፊቱ ጥሩ ወጥቷል፤ መቋሚያውን ግን ቆርጠህበታል» አሉኝ።

ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ እባካችሁ የትም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ፤ ባትገዙም ለምክር ገንዘብ አይጠይቁም። ቅዳሜ ከሰዓት ሠርገኛ አንሺዎች ስለሚያጣብቧቸው ጠዋት መሄድ ይሻላል። ሕንፃው ሊፍት የለውም።