በፍሎሪዳ «ሮኬትና ባሕር» ተብሎ የሚሸጠውን የቤተሰብ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁንም በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ወደ ፍሎሪዳ ለመውሰድ ለምታስቡ ወላጆች ነው። እኔና ባለቤቴ ባለፈው የስፕሪንግ ብሬክ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንንና የስድስት ዓመት ሴት ልጃችንን ይዘን የኬኔዲ የጠፈር ማዕከልንና የባሕር ዳርቻዋን ኮኮዋ ቢችን ለማየት ሄደን ነበር። የሦስት ሌሊት ማደሪያና የማዕከሉን መግቢያ ትኬት አንድ ላይ የያዘ ፓኬጅ በ1,249 ዶላር ገዛን፤ ሮኬት ሲወነጨፍ ለማየት «የተረጋገጠ መቀመጫ» ለተባለው ደግሞ ለአራታችን 236 ዶላር ጨመርን። እዚያ ስንደርስ ሌላ 302 ዶላር ተጠየቅን። በጠቅላላው 1,787 ዶላር ከፍለን፣ ከተገባልን ቃል ውስጥ በተባለው መልኩ ያገኘነው አንድም ነገር የለም። ስለ ቦታው ክፉ የምናገረው የለኝም፤ ልጆች ያሉት ሰው ሁሉ ቢያየው የምመኘው ቦታ ነው። የማስጠነቅቀው ስለ አሻሻጡ ነው።

ማስታወቂያው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። የላከችልኝ እህት እሷም ገዝታ ያላየችው፣ ለልጆቹ ይሆናል ብላ በቅንነት ያስተላለፈችው ስለሆነ አልወቅሳትም። ስደውል ያነጋገረኝ ሻጭ በጣም ጨዋ ነበር። ማደሪያው ባሕር ዳር ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ አዎ አለኝ። ወጥ ቤት አለው ወይ አልኩት፣ አዎ አለኝ። የማዕከሉ ትኬትስ ከመሄዳችን በፊት በእጃችን ይገባል ወይ ስለው፣ አሁንም አዎ አለኝ። እነዚህን መልሶች በኢሜይል ጽፎ እንዲልክልኝ ባደርግ ኖሮ ዛሬ ከባንኩ ጋር የምከራከረው ክርክር ግማሹ አይኖርም ነበር።

የመጀመሪያው ማታለያ የውሃው ነው፤ ካርታውን የማያውቅ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። ማደሪያችን የነበረባት ቲተስቪል የተባለችው ከተማ የምትገኘው በየብሱ በኩል ነው። ከፊቷ ኢንዲያን ሪቨር አለ፤ ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኝ፣ ረጅምና ሰፊ፣ ጨዋማ ውሃ ነው። ከእሱ ማዶ የጠፈር ማዕከሉ ያለበት ሜሪት አይላንድ ይገኛል፤ ቀጥሎ ባናና ሪቨር የሚባለው ሌላ ውሃ አለ፤ ከሁሉም ወዲያ ኮኮዋ ቢች ያረፈችበት ጠባብ የአሸዋ መሬት፣ ከዚያም አትላንቲክ ውቅያኖስ ይመጣል። በማስታወቂያው ላይ ፀሐይ ከውሃ ላይ ስትወጣ የሚያሳየው ፎቶ እውነተኛ ፎቶ ነበር፤ ውሃው ግን ኢንዲያን ሪቨር ነበር። ውሉን በኋላ ሳነበው የተጻፈው «ዋተርፍሮንት» (ውሃ ዳር) እንጂ «ኦሽንፍሮንት» (ውቅያኖስ ዳር) አይደለም። ልጄ ትንሿን ባልዲና አካፋ ይዛ ከመኪናው እንደወረደች ወደ ውሃው ሮጠች። ያገኘችው ድንጋይ የተደረደረበት ዳርቻና ረጅም ሣር ነው። ዞር ብላ «እማዬ፣ አሸዋው የታለ?» አለችኝ። አሸዋው በመኪና አርባ ደቂቃ ያህል ይርቅ ነበር።

ወጥ ቤት የተባለው ደግሞ አንድ ማይክሮዌቭና አንድ አጭር ፍሪጅ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር በየምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ፍለጋ ልጆቹን ላለማንገላታት ብዬ ሽሮዬን፣ ምስሬንና እንጀራዬን ከቤት ይዤ ሄጄ ነበር፤ ምድጃ ስለሌለ ሽሮው እንደታሸገ ተመለሰ። ቁልፍ ስንቀበል 185 ዶላር የጽዳት፣ በየሌሊቱ 39 ዶላር ደግሞ የሪዞርት ክፍያ እንዳለ ተነገረን፤ 302 ዶላር ያልኳችሁ ይህ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት የአጭር ጊዜ ማደሪያ የሚያከራይ ሁሉ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን በሙሉ ከመጀመሪያው በሚያስተዋውቀው ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ማካተት አለበት። በር ላይ አዲስ የግዴታ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ፎቶም አንሡ፤ ያ ወረቀት በኋላ ትልቅ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ከሁሉም የባሰው የትኬቱ ጉዳይ ነው። በእጃችን የገባው ትኬት ሳይሆን «የትኬት መቀበያ» የሚል ወረቀት ነበር፤ በወረቀቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈው ትኬቱ የሚሰጠው ባልና ሚስት ሁለቱም የዘጠና ደቂቃ ገለጻ ላይ ከተገኙ በኋላ ነው። ገለጻው የታይምሼር ሽያጭ ነው፤ ማለትም አንድን የዕረፍት ቤት በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ለመጠቀም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍል፣ በየዓመቱም የጥገና ክፍያ የሚያስከትል ውል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገባን። ልጆቹን ቴሌቪዥን ወዳለበት ክፍል ወሰዷቸው። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው እየተተካ፣ ዋጋውን እየቀነሱ፣ «ለልጆቻችሁ ስትሉ» እያሉ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ያዙን። ባለቤቴ ለመነሣት በሞከረ ቁጥር ትኬቱ የሚሰጠው ሥራ አስኪያጁ ከፈረመ በኋላ ነው ይሉታል። ወንዱ ልጄ ሁለት ጊዜ እየመጣ ወደ ሮኬቱ መቼ እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ ለሁለተኛው ጥያቄው የምመልስለት አጣሁ። እኛ ሳንፈርም ወጣን፤ በአጠገባችን ጠረጴዛ የተቀመጡ ወጣት ባልና ሚስት ግን ሲፈርሙ አይቻለሁ።

እንደነሱ የፈረመ ሰው ይህን ጽሑፍ እያነበበ ከሆነ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ቀኑን ይቁጠሩ። በፍሎሪዳ ሕግ የታይምሼር ገዢ ውሉን ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው አንሥቶ በ10 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ይችላል። የሚቆጠሩት የሥራ ቀናት ብቻ አይደሉም፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ይህን መብት በውል አሳልፎ መስጠት አይቻልም፤ «ትቼዋለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርመዋችሁ ቢሆን እንኳ አያግዳችሁም። ስረዛው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ «ሰርዘንልዎታል» ቢሏችሁ አትመኑ፣ በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ የላካችሁበትን ማረጋገጫ ያዙ።

የጠፈር ማዕከሉ በር ላይ ስንደርስ 8 ሰዓት አልፎ ነበር፤ በዚያን ዕለት የሚዘጋው በ11 ሰዓት ነው። ቦታው ሙሉ ቀን የሚፈልግ ነው። የመግቢያ ትኬቱ ወደ ሳተርን 5 ሕንጻ የሚወስደውን አውቶቡስ ይጨምራል፤ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ይህ ሮኬት 111 ሜትር ይረዝማል፣ እዚያም በአግድሙ ተጋድሞ ከሥሩ እየተራመዱ ያዩታል። የመጨረሻው አውቶቡስ ግን ማዕከሉ ከመዘጋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሚነሣ አመለጠን። ልጄ ለወራት ሲያወራለት የነበረውን ሳያይ ተመለሰ። አትላንቲስን ለማየት ግን ደርሰናል። 33 ጊዜ ወደ ጠፈር ተጉዛ በ2011 ያረፈችው ይህች መንኮራኩር የጭነት በሮቿን እንደከፈተች፣ በረራ ላይ ያለች መስላ በ43.21 ዲግሪ አጋድላ ተሰቅላለች፤ ቁጥሩ እንደ ሮኬት ቆጠራ 4፣ 3፣ 2፣ 1 መሆኑን ልጄ ራሱ ነው የደረሰበት። በዚያች ቅጽበት ፊቱን አይቼ ከጠዋታችን አራት ሰዓት ሙሉ ያባከኑብንን ሰዎች ይበልጥ አዘንኩባቸው።

«የተረጋገጠ የሮኬት መቀመጫ» የሚባለውን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ሮኬት እንደሚወነጨፍ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልምና። መብረቅ፣ ከፍታ ላይ ያለ ነፋስ፣ የነዳጅ መፍሰስ፣ በተከለለው ባሕር ላይ የገባ አንዲት ጀልባ ሳይቀር ያስቆመዋል። በሜይ 27 ቀን 2020 አንድ ሮኬት ሁለት ጠፈርተኞች ውስጡ ተቀምጠው፣ ሊነሣ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው በአየሩ ምክንያት ቆሞ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የተነሣው። ወደ ጨረቃ የተላከው የናሳ በረራ አርቴሚስ 1 በ2022 ኦገስት 29 ተሰረዘ፣ ሴፕቴምበር 3 እንደገና ተሰረዘ፣ በመጨረሻ የተወነጨፈው ኖቬምበር 16 ነው። ለዚያ ሁሉ ዝግጅት ያልተረጋገጠ ነገር ለእኛ በነፍስ ወከፍ 59 ዶላር ሊረጋገጥ አይችልም። መቀመጫችን በመንገድ ዳር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ሆኖ አገኘነው። ከመሸ በኋላ ሮኬቱ ሊነሣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው በነፋስ ምክንያት ወደ ማግስቱ ተላለፈ ተባለ። ወንበሩ ለነገም ያገለግላል ወይ ስንላቸው፣ የተሸጠው ለዛሬ ብቻ ነው፣ ገንዘብም አይመለስም አሉን።

በማግስቱ ማታ ኮኮዋ ቢች አሸዋው ላይ ቆመን ያንኑ ሮኬት በነጻ አየነው። መጀመሪያ አድማሱ እንደ ንጋት ቀላ፣ ቀጥሎ እሳቱ ያለ ድምፅ ወደ ላይ ወጣ፤ ድምፁ የደረሰን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። በዙሪያችን የነበረው ሕዝብ ብርድ ልብሱን አንጥፎ የተቀመጠው ለማንም ምንም ሳይከፍል ነው። በቲተስቪልም ስፔስ ቪው ፓርክና ማክስ ብሩወር ድልድይ ሰው እየሄደ በነጻ የሚያይባቸው ቦታዎች ናቸው። የጠፈር ማዕከሉ ራሱ የሚሸጠው የመመልከቻ ትኬት አለ፤ ይበልጥ ቀርባችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከማዕከሉ በቀጥታ ግዙ፣ ሮኬቱ ቢተላለፍ ትኬቱ ምን እንደሚሆን የሚገልጸውን ክፍልም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። የጉዞውን ቀን በሮኬት አትወስኑ። ለማዕከሉ አንድ ሙሉ ቀን፣ ለባሕሩ ሁለት ቀን ያዙ፤ ሮኬቱ በመካከል ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣም ልጆቹ አይከፉም።

ማደሪያ ስትይዙ የሕንጻውን ሙሉ አድራሻ ጠይቁና ካርታ ላይ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ ያለውን ርቀት ራሳችሁ ለኩ፤ አድራሻውን ከክፍያ በኋላ ብቻ የሚሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። በፍሎሪዳ የዕረፍት ቤት የሚያከራይ ሰው ከግዛቷ የንግድና የሙያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱንም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማየት ይችላል። የጉዞ ፓኬጅ ሻጮች ደግሞ የሚመዘገቡት በፍሎሪዳ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ግብርና ቢልም የሸማቾችን አቤቱታ የሚቀበለው እሱ ነው። የእኛን ሻጭ የምዝገባ ቁጥሩን ስጠይቀው «እልክልዎታለሁ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ አልላከም።

የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ መሆኑ ጠቅሞኛል። በዜል ወይም በዴቢት ካርድ እንድከፍል ሻጩ «ቅናሽ አደርግልዎታለሁ» ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅናሽ ሲቀርብላችሁ እምቢ በሉ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ አገልግሎት በካርዳችሁ ላይ ከተከፈለ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ሒሳብ መግለጫ ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። እኔ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ ውሉን፣ የምድጃ አልባውን ወጥ ቤት ሥዕልና የ302 ዶላሩን ደረሰኝ አያይዤ ላክሁ።

እስካሁን የተመለሰልን የመቀመጫው 236 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው በባንኩ እየታየ ነው፤ ለፍሎሪዳው መሥሪያ ቤትም አቤቱታ አስገብቻለሁ። ከቴሌግራም በመጣ ማስታወቂያ ተመሳሳይ ፓኬጅ ገዝታችሁ በኢንዲያን ሪቨር ዳርቻ ያደራችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ ውላችሁንና ደረሰኛችሁን እንዳትጥሉ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እኔ የላክሁትን ደብዳቤ ቅጂ እልክላችኋለሁ።