ሊትል ኤፍ ኤስ፦ መብራት በድንገት ለሚጠፋበት መሣሪያ የምመርጠው ፋይል ሲስተም

የምንሠራው የውሃ ታንከር ደረጃ መለኪያ ነው። መሣሪያው በየ5 ደቂቃው ያነበበውን ፍላሽ ሜሞሪ (ኃይል ቢቋረጥም መረጃ የሚይዝ ቺፕ) ላይ ይጽፋል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። የእኔ ሥራ ባልደረቦቼ ማከማቻውን በሚመለከት የሚያቀርቡትን የኮድ ለውጥ መሣሪያው ላይ ከመጫኑ በፊት መገምገም ነው። ስለ ሊትል ኤፍ ኤስ የምሰጠው አስተያየትም ከዚሁ ወንበር የመጣ ነው።

ሊትል ኤፍ ኤስ አርም ኩባንያ በ2017 ኤምቤድ ለተባለው የአነስተኛ መሣሪያዎች ስርዓተ ክወናው ያወጣው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈና ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ማከማቻው ላይ የት እንደሚጻፉና እንደሚገኙ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። ጥቅሙን ለመረዳት የፍላሽን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍላሽ ላይ አንድን ቢት ከ1 ወደ 0 መለወጥ ቀላል ነው፤ ወደ 1 ለመመለስ ግን ቢቱ ያለበትን የቺፑን ክፍል፣ ማለትም ሴክተሩን፣ በሙሉ መደምሰስ ግድ ይላል። በምንጠቀምበት የዊንቦንድ 128 ሜጋቢት ቺፕ አንድ ሴክተር 4,096 ባይት ነው። እሱን መደምሰስ አብዛኛውን ጊዜ 45 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ሲዘገይ እስከ 400 ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ አሮጌው ጽሑፍ ተደምስሷል፣ አዲሱም ገና አልተጻፈም። ሊትል ኤፍ ኤስ ይህን አደጋ የሚሻገረው ነባሩን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ላይ በመጻፍ ነው። የፋይሎቹን መዝገብ በሁለት ብሎኮች (እኛ ጋ አንድ ብሎክ አንድ ሴክተር ነው) ይይዛል፤ አዲሱ መዝገብ በቼክሰም (ጽሑፉ ሳይዛባ መጻፉን በሚያሳይ ቁጥር) ካልተረጋገጠ ነባሩ እንደጸና ይቆያል። እኛ ጋ መብራት የሚጠፋው ማንንም ሳያስጠነቅቅ ስለሆነ ይህ ባሕርዩ ብቻውን ለምርጫዬ በቂ ነው።

ነገር ግን ጥሩ ፋይል ሲስተም በላዩ ላይ ከሚጻፍ ደካማ ኮድ አያድንም። በግምገማ ጊዜ በመጀመሪያ የምፈልገው መሣሪያው ሲነሳ የሚሠራውን ክፍል ነው። ከሊትል ኤፍ ኤስ ጋር የሚመጣው ምሳሌ ኮድ ማውንት ማድረግ (ፋይል ሲስተሙን ከፍቶ ለሥራ ማዘጋጀት) ካልተሳካ ወዲያውኑ ፎርማት ያደርጋል፣ ማለትም ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል፤ ይህ የሚያጋጥመው መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ብቻ መሆን እንዳለበትም አብሮ ተጽፏል። ብዙ ሰው ኮዱን እንዳለ ይገለብጣል፣ ማሳሰቢያውን ግን አያነብም። የባትሪው ቮልቴጅ ወርዶ፣ ወይም የቺፑ መስመር በእርጥበት ምክንያት ለአፍታ ተዛብቶ አንድ ንባብ ቢበላሽ ማውንት ማድረግ አይሳካም። ያን ጊዜ መሣሪያው የወራት መረጃ በገዛ እጁ ይደመስሳል። ባዶ ቺፕም ሆነ የተዛባ ንባብ የሚመልሱት ያንኑ «ተበላሽቷል» የሚል ስህተት በመሆኑ ኮዱ ራሱ ለይቶ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ደጋግሞ ሳይሞክር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሎኮች በእርግጥ ባዶ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ፎርማት የሚያደርግ ለውጥ አላሳልፍም። ካልሆነ ስህተቱን ያሳውቅ፤ መረጃውን ግን አይንካ። ይህ ምሳሌ ኮድ እንዲቀየር ከልቤ እመኛለሁ።

ቀጥሎ የማየው ሲንክ፣ ማለትም የተጻፈውን ፍላሹ ላይ አጽና የሚለው ትእዛዝ፣ ኮዱ ውስጥ የት እንደሚጠራ ነው። ሊትል ኤፍ ኤስ የተጻፈውን ነገር የሚያጸናው ፋይሉ ሲዘጋ ወይም ሲንክ ሲደረግ ነው። አንዲት ባልደረባዬ በቅርቡ ፋይሉን ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርጎ እኩለ ሌሊት ላይ ብቻ የሚዘጋ ለውጥ አቀረበች። ሐሳቧ መደምሰስ ሲበዛበት የሚያረጀው ቺፕ ቶሎ እንዳያልቅ ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። «ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ የቀኑ ንባብ በሙሉ የት ይገኛል?» ብዬ ጻፍኩላት፤ ስሌቱንም አብሬ አስቀመጥኩ። በየ5 ደቂቃው ሲንክ ቢደረግ በቀን 288 ጊዜ ነው። ሊትል ኤፍ ኤስ ጽሑፉን በቺፑ 4,096 ሴክተሮች ላይ እያዘዋወረ ስለሚጽፍ፣ አብዛኛው ቦታ ነፃ እስከሆነ ድረስ ለአንዱ ሴክተር ተራው የሚደርሰው በግምት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። አምራቹ ደግሞ እያንዳንዱ ሴክተር ቢያንስ 100,000 ጊዜ መደምሰስን እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ቺፑ በዚህ ቶሎ አያልቅም፤ ሲንኩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጉድለቶቹንም ልናገር። በትልቅ ፋይል መጀመሪያ ላይ ጥቂት ባይት መቀየር ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እንደገና ያስጽፋል፤ የንባብ ቆጣሪን በፋይሉ ራስ ላይ ማስቀመጥ የማልቀበለውም ለዚህ ነው፣ ለብቻው ትንሽ ፋይል ይሰጠው። እያንዳንዱ ማውጫ (ፎልደር) ቢያንስ ሁለት ብሎክ ይይዛል፤ ለእኛ 8 ኪሎባይት ምንም አይደለም፣ ጠቅላላ ማከማቻው 64 ኪሎባይት ለሆነ ሰው ግን ይከብዳል። ተጽፎ የማይነካ ፋይል የያዘውን ብሎክም አያዘዋውርም፤ የመደምሰሱ ጫና በቀሩት ላይ ይወድቃል። ብሎካቸው ሰፊ በሆነ ናንድ የተባለው ዓይነት ፍላሽ ቺፖች ላይ ደግሞ መዝገቡን ሲያጠናቅር ይዘገያል።

ከኮዱ ጋር የሚመጣው የንድፍ ሰነድ ግን ረጅም ቢሆንም እያንዳንዱ ገጽ ጊዜ ይገባዋል፤ አዲስ ባልደረባ ሲመጣ መጀመሪያ የማስነብበው እሱን ነው። አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) እና እንደ እኛው ቺፕ ያለ ኖር የተባለ ዓይነት ፍላሽ ይዞ፣ ኃይል በድንገት የሚቋረጥበት ቦታ ላይ መሣሪያ ለሚተክል ሁሉ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ከመጫናችሁ በፊት ግን መሣሪያው እየጻፈ ሳለ ኃይሉን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እየቆረጣችሁ ሌሊቱን ሙሉ ፈትኑት፤ በነጋታው እያንዳንዱን ንባብ ከተላከው ጋር አመሳክሩ።