የአባቴን ቮልስ ላስነሳልን መካኒክ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ቮልስ ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ቄራ አካባቢ አንድ መካኒክ አለ። እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ነው። ሳላመሰግነው ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1972 ቮልስዋገን። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ስለ መኪናው ማውራት ይወዳል። ቮልስ በተመረተው ብዛት የፎርድን ሞዴል ቲ የበለጠው በዚያው በ1972 መሆኑን ለማንም እንግዳ ሳይናገር አያልፍም። እኔና እህቶቼ ከኋላ ወንበር ተደራርበን ትምህርት ቤት የተመላለስንባት መኪና ናት። ራዲያተር የላት፣ ውሃ አትጠጣ፤ ዳገት አይበግራትም ነበር።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን አልነሳም አለች። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ትልና ዝም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ስትገፋ ሁሌም እሺ ትላለች። አባዬ በዚህ ዕድሜው የሰፈር ልጆችን እየለመነ ሲያስገፋ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የሄድንባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። ያደረጉንን ግን ልናገር። አንዱ መኪናዋን በቅጡ ሳያያት «ባትሪ ነው» አለ። አዲስ ባትሪ ተገዛ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቀጭ። ሌላው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ብሎ ፈታው፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ማለት ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተዙሮ ሌላ ተገዛ። አሮጌውን ስጡን ስንል የለም፤ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ቀጥሎ ያለው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሯን በታትኖ፣ ካንዴላ ቀይሮ፣ ብዙ ብር ተቀበለን። በነጋታው በር ላይ ቆመን ቀረን። ሁሉም አንድ ዘፈን አላቸው፦ «ይቺ መኪና ዕቃ የላትም»። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትመረት የኖረች መኪና እንዴት ነው ዕቃ የሌላት?

የመጨረሻው ደግሞ አባዬን ፊት ለፊት እያየ «ፋዘር፣ ለቁራሌው ሽጠው ተገላገል» አለው። አባዬ ምንም አልመለሰለትም። ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣውም። ገንዘቡስ ይቅር። ያቺ ንግግር ግን አሁንም ታንገበግበኛለች።

ይህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እድሜ ይስጣት። ስንደርስ መፍቻ አላነሳም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጀመሪያ አባዬን ጨበጠው። ጥላ ሥር ወንበር አወጣለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቋታል። እስቲ ምን ምን እንደምትል ይንገሩኝ» አለው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አባዬን የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። አባዬም ነገረው፤ እሱም ሳያቋርጥ ሰማው። ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ሲያስገፏት ወዲያው ትነሳለች? ወዲያው ነው አለ አባዬ። «ታዲያ ካርቡሬተሯ ምን አድርጋ ነው የተፈታችው? ተገፍታ ከተነሳች ቤንዚኑም እሳቱም ደህና ነው።» ቀጠለ። «ቁልፉን ሲያዞሩ የፊት መብራቱ ይደክማል?» አይደክምም። «እንግዲያው ባትሪው ላይም ብዙ አልፈርድም።»

ከዚያ ባትሪ የሚያቀባብሉበትን ወፍራም ገመድ አመጣ። ከሥር ገብቶ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ነከሰው። ወጣና «ጋሼ፣ እርስዎ ያዙሩት» አለ።

ተነሳች! አንድ ጊዜ ነው ያዞረው። ያ የቮልስ ድምፅ ግቢውን ሞላው። አባዬ አጠፋትና ደግሞ አስነሳት። ደግሞ አጠፋ፣ ደግሞ አስነሳ። ሌላ መኪና ተራ ይጠብቃል፤ መካኒኩ ግን አላስቸኮለውም። አጠገቡ ቆሞ አብሮት ይስቅ ነበር። እኔ ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ።

ጥፋቱ አንዲት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች ጠፍጣፋ ሽቦ ናት። ግራውንድ ነው የሚሏት። ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አረንጓዴ ሆና ጫፏ ተበጣጥሷል። ሞተሩ የተቀመጠው ኮረንቲ በማያሳልፍ ላስቲክ ላይ ስለሆነ ኮረንቲው ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሷ ነው አለኝ። ከዚያ በላይ ያለውን እሱ ይወቀው። አዲስ አሰረበት፣ የሚነካበትን ብረት ፍቆ አጸዳው፣ አለቀ። የከፈልነው ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። «ሞተሪኖው ይቀየር» ቢለን እኮ እንከፍል ነበር፤ እኛ ምን እናውቃለን? እሱ ግን አላደረገውም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝናብ ይሁን ብርድ አንድ ቀን አላስቸገረችንም። አባዬ እሁድ እሁድ ራሱ ነድቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።

በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር ማስገባት ቆሟል። አሁን ያለችንን ይዘን ነው የምንኖረው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ባለሙያ ስናገኝ ልንይዘው ይገባል። ሥራውን ስጡት። እባካችሁ ሥራውን ስጡት! ቮልስ ብቻ አይደለም፤ እኛ በሄድንበት ቀን ላዳም አሮጌ ቶዮታም ቆሞ ነበር። ጎረቤታችን ፔዦ 404 አላቸው፣ እሳቸውንም ልኬአቸዋለሁ።

የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ይጨናነቃል። መኪናዋ መቼ እንደምታስቸግር፣ ምን ድምፅ እንደምታሰማ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ ይጠይቃችኋል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ አባቴን ስላከበርክልኝ ልጆችህ ያክብሩህ። ስልኩ እንዲህ በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለገም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውንም ስልኩንም እልክላችኋለሁ።