የለስላሳ ጣሳ፣ የኒዶ ጣሳ ወይስ ሃይላንድ፦ ለግድግዳ ተክል የትኛው ይሻላል?

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢያራርቃቸው ነው፤ ሐረር ላይ በትንሽ ጣሳ የሚያምር ናና ግን ድሬ ሲወርድ በሳምንት ይከስላል። ስለዚህ ዕቃውን ከመሰብሰብዎ ወይም ከቆራሌው ጋር ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ግድግዳዎ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ይዩ።

ከለስላሳ ጣሳ እንጀምር። ባለ 330 ሚሊ ሊትሩ አጭር ጣሳ ወርዱ 6.6፣ ቁመቱ 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባዶውን 13 ግራም ያህል ይመዝናል። አሉሚኒየም ከሆነ አይዝግም። ማግኔት ከያዘው ግን ብረት ነውና ወደ ኒዶው ወገን ይቁጠሩት። እርጥብ አፈር ሞልቶበት ከግማሽ ኪሎ ብዙም ስለማይዘል፣ አሥሩን በአንድ ጣውላ ላይ ደርድረው በጭቃ ግድግዳ ላይ እንኳ መስቀል ይቻላል። ድክመቱ ያው ትንሽነቱ ነው። በድሬ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ጠዋት ያጠጡት ከሰዓት በኋላ ዱቄት ሆኖ ይገኛል፤ ቀጭኑ ግድግዳም የፀሐይን ግለት ሳይቀንስ ለሥሩ ያቀብላል። ሐረር ላይ በቀን አንዴ ማጠጣት ይበቃዋል።

አከፋፈቱ ላይ ብዙ ሰው በቢላ ወገቡን ይቆርጥና እጁንም ጣሳውንም ያበላሻል። ጣሳውን ገልብጠው የአፉን ከንፈር ሻካራ ሲሚንቶ ላይ እየተጫኑ ያሽከርክሩት። እጥፋቱ ተፍቆ ሲያልቅ ክዳኑ ራሱ ይለቃል፤ አንገቱ ስለማይነካም ጣሳው አይጨማደድም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ውስጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና ካላጠቡት የስኳሩ ቅሪት ጉንዳን ይጠራል።

ቀዳዳው ላይ ነው ትልቁ ስህተት። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው፤ መሐሉን ቢበሱት ውሃው ዙሪያውን ባለው ቦይ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። በወስፌ ከጎኑ፣ ከታች ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አራት ቦታ ይብሱት። ወስፌው ሲገባ ጣሳው እንዳይሰረጉድ መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቀው ይሙሉበት፤ ከበሱ በኋላ ይድፉት።

የ900 ግራሙ የኒዶ ጣሳ ሁለት ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። ለድሬ ገንዘብ የሚከፈልበት ዕቃ ይሄ ነው። ቃሪያ፣ ቆስጣና ጤና አዳም ይችላል፤ እርጥበቱም ቀኑን ያውላል። ነገር ግን ብረት ስለሆነ ከበሱት ቀዳዳና ከተቆረጠው ጠርዝ ጀምሮ ይዝጋል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በምስማር ይምቱ፣ ከዚያ ውስጡንም ውጩንም አንቲረስት ይቀቡ፣ በላዩ ነጭ ቀለም ይደርቡ። ቀለሙን አስቀድመው ቀብተው ኋላ መብሳት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ክብደቱንም አይርሱ፦ ውሃ የጠጣ አንድ ጣሳ ከሦስት ኪሎ ያልፋል፤ አሥሩ ሲደረደሩ ምስማር ሳይሆን ብሎን ይፈልጋሉ። ሲገዙ ስፌቱ የተሰረጎደውንና የዘገውን ይተዉ። የፀረ ተባይ ወይም የቀለም ጣሳ ከሆነ፣ ታጥቧል ቢሉዎትም ለሚበላ ተክል አይውሰዱ።

ሃይላንድ ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ ወዲያው ያገለግላል። ብርሃን ስለሚያሳልፍ ግን ከውስጥ አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ያወጣል፤ በፀሐይም እየደረቀ ይሰነጠቃል። በጆንያ ቢጠቀለል ዕድሜው ይረዝማል። ለአንድ ወቅት ሰላጣ ካልሆነ እኛ አንመርጠውም።

አፈሩ ለሦስቱም አንድ ነው፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ነገር አፈሩን ያለብሳል፣ ቀዳዳም ይደፍናል። በሁለት ሳምንት አንዴ ከታች እስኪፈስ አብዝተው ያጠጡ፣ ቀዳዳዎቹንም በወስፌ ይነካኩ።

አሉሚኒየሙን በመዳብ ሽቦ አይስቀሉት፤ እርጥበት ሲያገኛቸው መዳቡ የነካው ቦታ ይበላል። እርጥብ ሲሚንቶም እንዲሁ ስለሚበላው ግድግዳ ውስጥ አይለስኑት። ዚንክ የተነከረ ሽቦ ወይም የናይሎን ገመድ ይበቃል።

እንግዲህ ሐረር፣ በተለይ ጀጎል ውስጥ ግቢው ጠባብ ለሆነበት ሰው፣ የለስላሳ ጣሳ ለናና፣ ለበሶብላና ለድንብላል በቂ ነው። ድሬ ላይ ኒዶውን ይያዙ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረና ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝ ግድግዳ ይምረጡ። የለስላሳውን ጣሳ ለችግኝ ማፊያ ያስቀሩት፦ ቃሪያው አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ጣሳውን ከላይ ወደ ታች በመቀስ ሰንጥቀው፣ አፈሩን ሳይበትኑ ወደ ኒዶው ያዛውሩት። ቲማቲም ካማረዎት ሦስቱንም ትተው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይፈልጉ።