የብረት መቁረጫው ቶርች፦ ነበልባሉ ለምን ይጠፋል?

ለጋራዥ ሥራ የተገዛው ይህ የኦክስጅንና የአሲቲሊን (ተቀጣጣይ ጋዝ) ቶርች አያያዙ ምቹ፣ ቫልቮቹም የሚታመኑ ናቸው። የኦክስጅኑ ግፊት በቀስታ ሲጨመር ነጩ ውስጠኛ ነበልባል ሾጥጦ ይጠራል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጋዙ ከሚቃጠልበት ፍጥነት በልጦ ስለሚወጣ ነበልባሉ ከአፍንጫው (ጋዙ ከሚወጣበት የቶርቹ ጫፍ) ተነቅሎ ይጠፋል። በአንጻሩ ግፊቱ ሲያንስ፣ በተለይም በጠባብ ጥግ ሲሠራ ከጋለው ብረት በጨረር የሚመለሰው ሙቀት የመዳቡን አፍንጫ ሲያግለው፣ እሳቱ ወደ ውስጥ ገብቶ «ጧ» ብሎ ይጠፋል። ዋናው ጉድለቱም ይኸው ነው፤ አፍንጫው አጭር በመሆኑ ቶሎ ይግላል። እሳት ወደ ቱቦው እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ አብሮ አለመሸጡ ደግሞ በጣም ያሳስባል። የአሲቲሊን ግፊት ከ1 ባር ያህል እንዲያልፍ ስለማይመከር፣ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ሳይመረምሩ መግዛት አይገባም።